«ለታዳጊ ስለ ሞት አይጻፍም» ላሉት መምህር

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላከልኝ። ሦስቱም «ይሄ አንተን ነው የሚመለከተው» ብለዋል። አነበብኩት። ስሜ አልተጠራም እንጂ እውነትም እኔን ነው የሚመለከተው።

ጸሐፊው መምህር ናቸው። ስድብ የለበትም፣ በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት። እኔም በዚያው ልክ እሞክራለሁ። ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ክርስቲያን ነን እያሉ ለታዳጊዎች ፋንታሲ (በገሃዱ ዓለም የሌሉ ፍጡራንና ኃይሎች ያሉበት ልብ ወለድ) የሚጽፉ ሰዎች መጥተዋል። ፋንታሲ አስማትን ያለማምዳል። ደግሞም ከፈረንጅ የተኮረጀ ነው፣ የኛ አይደለም። ይባስ ብሎ እነዚህ ሰዎች ራስን ማጥፋትን፣ ቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን፣ በእግዚአብሔር መጠራጠርን ታሪኩ ውስጥ ይከትታሉ፣ ይሄ ደግሞ ልጁ ያላሰበውን ማሳሰብ ነው። ከባድ ነገር መነሳት ካለበትም በግልጽ፣ በትምህርት መልክ ይነሳ እንጂ በተረት አይሸፋፈን። መጨረሻውም ለሁሉም ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይሁን። ሲዘጉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ለገዛ ልጃችሁ ትሰጡታላችሁ?»

እኔ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሁድ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ታዳጊዎችን አስተምራለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ ደግሞ አንድ የማያልቅ ረቂቅ ይዤ እታገላለሁ። ፋንታሲ ነው። ለታዳጊዎች ነው። መምህር የዘረዘሩት ከባድ ነገር ሁሉ ውስጡ አለ። እንግዲህ የምመልሰው ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

ዋናው እሱ ስለሆነ ከሦስተኛው ነጥብ ልጀምር። «ያላሰበውን ማሳሰብ» የሚለውን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ።

ክፍላችን ውስጥ የጥያቄ ሳጥን አለን። ሳጥን ስል የብስኩት ካርቶን ነው፣ አናቱን በምላጭ የቀደድነው። ልጆቹ ስም ሳይጽፉ ጥያቄ ይከታሉ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ እኔ አንድ በአንድ እያወጣሁ እመልሳለሁ። አንድ እሁድ እጄ ላይ የወጣችው ወረቀት ከሒሳብ ደብተር የተቀደደች ባለ ካሬ ነበረች። በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «መሞት የሚመኝ ሰው ጸሎቱ ይሰማል?» ትላለች። ሠላሳ ሁለት ልጅ ፊቴ ተቀምጦ ይጠብቃል። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አጠፍኳት። ኪሴ ከተትኳት። ቀጣዩን አወጣሁ። «ማስቲካ ማኘክ ጾም ያስገድፋል?» ይላል። ለእሱ አሥር ደቂቃ ሙሉ አብራራሁ።

ያን ማታ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልዞረብኝም። ከሠላሳ ሁለቱ አንዱ ወይም አንዷ ጥያቄዋ ኪስ ስትገባ አይታለች። ያ ራሱ መልስ ነው፣ በጣም መጥፎ መልስ።

ስለዚህ መምህር፣ ያንን ሐሳብ እኔ አላመጣሁትም። የትኛውም ዘንዶ ያለበት ልብ ወለድም አላመጣውም። ልጁ ከቤቱ ይዞት ነው የመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) አኃዝ መሠረት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው ይላል። ያው ድርጅት ስለ ጉዳዩ ሰውን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክልም ደጋግሞ ይናገራል። የእኛ አገር ታዳጊ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን እንደተሸከመ ሁላችንም እናውቃለን። ጦርነት ያየ አለ። እናቱን ዐረብ አገር ልኮ ከአያቱ ጋር የሚያድግ፣ በሳምንት አንዴ በቪዲዮ «በላህ?» የሚባል አለ። እነዚህን ልጆች «ገና ልጅ ናቸው» ብለን የምንጠብቃቸው ከምንድን ነው?

አንድ ነገር ላይ ግን መምህር ልክ ናቸው፣ አልሸሽም። አጻጻፉ ሊገድል ይችላል። በ1774 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ የጀርመናዊው የጎተ ልብ ወለድ ነበር፣ በፍቅር ተሰብሮ ራሱን ስለሚያጠፋ ወጣት። አንባቢዎች እሱን ተከተሉ ተብሎ በአንዳንድ ከተሞች እስከ መታገድ ደርሷል፣ ተመራማሪዎች ዛሬም ይህን ዓይነቱን መከተል በባለታሪኩ ስም ይጠሩታል። ለዚህ ነው ለጋዜጠኞች የወጣው መመሪያ «እንዴት እንደሆነ አትዘርዝሩ፣ አታሳምሩት፣ በአንድ ምክንያት ብቻ አትግለጹት» የሚለው። እኔም ከረቂቄ ላይ ሁለት ገጽ የቆረጥኩት በዚሁ ነው። ልጅቷ ወንዝ ዳር የቆመችበት ትዕይንት ነበር። በጣም አምሮ ነበር። ችግሩም ማማሩ ነው። ግን ያው መመሪያ ሌላም ነገር አለው፦ ሞትን ተመኝቶ ያንን ሌሊት ያለፈ ሰው ታሪክ ሌላውን ሊያድን ይችላል። መምህር የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ሁለተኛውን ጥለውታል።

አሁን ወደ «የኛ አይደለም» እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደስ የሚለኝ ቦታ ነው።

ጳጉሜን 3 ሲሆን ዝናብ ላይ ያልተሯሯጠ ማን አለ? «ሩፋኤል ነው፣ ውጡ ታጠቡ» እየተባልን ነው ያደግነው። የሩፋኤል ታሪክ ያለው የት ነው? መጽሐፈ ጦቢት። ከሰማንያ አንዱ ውስጥ ነው፣ ከየትም አልተኮረጀም። እስቲ መጽሐፉን መጽሐፍ ቅዱስ መሆኑን ረስታችሁ ለአንድ የማያውቅ ሰው ንገሩት።

ጦቢት የሚባል ደግ ሰው አለ፣ ሙታን እየቀበረ የሚኖር። የወፍ ኩስ ዓይኑ ላይ ወርዶ ይታወራል፣ ድሃ ይሆናል፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፣ መጨረሻ ላይ «ግደለኝ» ብሎ ይጸልያል። በዚያው ቀን በሌላ አገር ሣራ የምትባል ልጅ አለች። ሰባት ጊዜ ተድራለች፣ ሰባቱንም ባሎቿን በሠርጋቸው ሌሊት ጋኔን ገድሎባታል። የቤቱ ገረድ «አንቺ ነሽ የምትገድያቸው» እያለች ትሰድባታለች። ሣራ ራሷን ልታጠፋ ታስባለች። ከዚያ «ለአባቴ አንድ ነኝ፣ ሽምግልናውን በሐዘን ላጨልመው ነው» ትልና ትተወዋለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ትጸልያለች። ምዕራፍ 3 ነው፣ ገና መጀመሪያው። የሁለቱም ጸሎት በአንድ ጊዜ ይሰማል። መልአክ ይላካል፣ ግን መልአክ መሆኑን ማንም አያውቅም፣ ደመወዝ ተነጋግሮ የተቀጠረ መንገድ መሪ ነው የሚመስለው። የጦቢት ልጅ ጦብያ አብሮት ይነሳል፣ ውሻውም ይከተላል። ወንዝ ውስጥ ሊውጠው የሚመጣ ዓሣ አለ። የዓሣው ልብና ጉበት ሲጨስ ጋኔኑ የሚሸሽበት ነገር አለ። ሌላው ቀርቶ የሣራ አባት ራጉኤል፣ «ይሄም ልጅ መሞቱ አይቀርም» ብሎ በሠርጉ ሌሊት ተነስቶ መቃብር ያስቆፍራል፣ ሙሽራው በሕይወት መኖሩ ሲታወቅ ደግሞ ጎረቤት ሳያይ ቶሎ ድፈኑት ይላል። ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ እስቃለሁ።

ጉዞ፣ ጋኔን፣ ራሱን የሰወረ መልአክ፣ ሞትን የሚመኙ ሁለት ሰዎች። ይሄ ለታዳጊ የሚሆን ፋንታሲ ካልሆነ እኔ ፋንታሲ የሚባለውን ነገር አላውቀውም። በርግጥ መጽሐፉ ቅዱስ ነው፣ የእኔ ረቂቅ ደግሞ የአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ረቂቅ ነው፤ እኩል ናቸው አላልኩም። ያልኩት መንገዱ አዲስ አይደለም ነው።

በላዔ ሰብንም አስቡት። የቅምሩ ሰው፣ የራሱን ቤተሰብ ጨምሮ 78 ነፍስ የበላ። የካቲት 16 በመጣ ቁጥር ይተረካል፣ ሥዕሉም በየቤተ ክርስቲያኑ አለ፦ ሚዛኑ፣ በአንድ በኩል የተበሉት፣ በሌላ በኩል በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውሃ። እኔ ይህን የሰማሁት የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ በአያቴ ነጠላ ጫፍ ሥር ነው። አያቴ ስትተርክልኝ «ይሄ ለዕድሜው አይመጥንም» ያላት የለም። ሰው የበላው ሰው አላስፈራኝም ብል እዋሻለሁ። አሁን ድረስ አብሮኝ የቀረው ግን ጥርኙ ውሃ ነው። መምህር «እኛ ገድልና ድርሳን አለን» ሲሉ እስማማለሁ፣ ግን ውስጡ ያለውን ነገር ለስለስ ያለ አስመስለው ነው የጠቀሱት። አይደለም።

ስለ ፈረንጆቹም አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ መምህር ናርኒያ የሚባለውን የልጆች ፋንታሲ ተከታታይ መጽሐፍ በስም ስለጠቀሱ። «ለልጅ የሚሆን ንጹሕ ታሪክ፣ እንደዚያ ከሆነ እሺ» ይላሉ። የናርኒያ ደራሲ ሲ. ኤስ. ልዊስ እናቱን በካንሰር ያጣው በ1908 (እ.ኤ.አ.)፣ በዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንድትድን ጸልዮ ነበር፣ አልዳነችም። በ1955 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የናርኒያ ክፍል ውስጥ እናቱ በጠና የታመመችበት ልጅ አለ። የናርኒያ ጌታ የሆነውን አንበሳ «እናቴን አድንልኝ» ብሎ ይለምነዋል። አንበሳው ወዲያው እሺ አይለውም። ልጁ ቀና ሲል የሚያየው እንባ ነው፣ ከራሱ እንባ የሚበልጥ እንባ። እናቲቱ በታሪኩ መጨረሻ ትድናለች፣ እውነት ነው። ግን ያ እንባ ባይኖር የመዳኗ ወሬ ርካሽ ይሆን ነበር። እና ይሄ «ንጹሕ» የተባለው ነው።

ጆን ባንያን እስር ቤት ሆኖ የጀመረው፣ በ1678 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የክርስቲያን ጉዞ ታሪክስ? ተስፋ መቁረጥ የሚባል ግዙፍ ሰው ተጓዦቹን እስር ቤት ዘግቶ፣ ደብድቦ፣ ራሳችሁን አጥፉ ብሎ ይመክራቸዋል። ይህ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ከተተረጎመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። «መጤ» ለማለት ትንሽ ዘግይተናል።

አስማቱ ላይ ብዙ አልቆይም። በእኔ ታሪክ ውስጥ ማንም ድግምት ደግሞ ኃይል አያገኝም። ኃይል ይሰጣል እንጂ አይጠራም፣ ሲሰጥም ያስከፍላል። ሲሞን መሠርዩ በገንዘብ ሊገዛ የፈለገውን አስታውሱ፣ ሐዋርያት ሥራ 8፤ መለያው መስመር እዚያ ያለ ይመስለኛል። ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ ጥንቆላ የፈለገ ልጅ 300 ገጽ አያነብም። ስልኩን ነው የሚከፍተው።

ስለ ፋንታሲ መምህር ያላነሱት አደጋ ግን አለ፣ እኔው ልንገራቸው። በመጀመሪያው ረቂቅ ክፉው ሰውዬ ሌሊት ሌሊት ጅብ የሚሆን ነበር። የአገራችን ተረት ነው፣ «የኛ» ነው፣ ኮርቼበት ነበር። አንድ ጓደኛዬ አነበበውና መለሰልኝ። «አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። አልገባኝም ነበር፣ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ስንቱ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ተገፍቷል፣ ቤተ እስራኤሎችም በዚሁ ስም ሲሸማቀቁ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ያንኑ ስም አጥቤ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላቀርብ ነበር። ጅቡ ወጣ። ስድስት ምዕራፍ እንደ አዲስ ተጻፈ። መምህር የሚፈሩት ክንፍ ያለውን ፈረስ ነው፣ እኔ የምፈራው ደግሞ ጭራቁ የማንን ፊት እንደያዘ ነው።

«በግልጽ ይነገር እንጂ በተረት አይሸፈን» ለሚለው፣ መልሱን ነቢዩ ናታን ይስጥ። ዳዊት የሰው ሚስት ወስዷል፣ ባሏንም አስገድሏል። ናታን በቀጥታ መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። ስለ አንድ ሀብታም፣ ስለ አንድ ድሃ፣ ስለ አንዲት ትንሽ በግ አወራ። በጓ ከድሃው እንጀራ ትበላ ነበር፣ በብብቱ ትተኛ ነበር አለ። ዳዊት ነደደ፣ ሞት ይገባዋል አለ። ከዚያ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የመጣው። ተረቱ ነገሩን አልሸፈነውም። ሰውየው በሩን ሳይዘጋበት አስቀድሞ ገብቶ ተቀመጠ።

የእኔ ታሪክ ውስጥ አንድ ሸለቆ አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ክፉ ነገር የደረሰበት ልጅ ሁሉ ምላሱ ሥር ጠጠር አለው። ጠጠሩን ሳይተፋ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይማራል። ትልልቆቹ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አይናገር» እያሉ ያመሰግኑታል። ይህን ያመጣሁት ከየትም አይደለም። «ገመና ነው» ስንል ከኖርነው ነው። አንዲት ልጅ «አጎቴ እንዲህ አደረገኝ» ብላ ለመናገር ቃል ላይኖራት ይችላል። ቃሉ ቢኖራትም አፍ አይሰጣትም። «እኔም ጠጠር አለኝ» ማለት ግን ትችል ይሆናል። ለአንድ የምታምነው ሰው። ለዚያ ሰው ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ግዴታው ነው፣ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ እዚህ አልገባበትም።

መጨረሻው ሁሉንም ይመልስ የሚለው አምስተኛው ነጥብ ነው የቀረው። እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ሰዎች የጻፉትን መንፈሳዊ ልብ ወለድ አንብቤያለሁና ቅሬታዬን ልናገር። ልጁ ይወድቃል፣ አንድ ጉባኤ ይሄዳል፣ ያለቅሳል፣ አለቀ። በቀጣዩ ገጽ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል። ታዳጊ ደግሞ ሞኝ አይደለም። የእሱ ድብርት በአንድ ጉባኤ አልሄደም፣ አልቅሶም ሞክሯል። መጽሐፉን ሲዘጋ የሚቀረው ሐሳብ «እንግዲያው ችግሩ እኔ ጋ ነው» የሚል ነው። ጥርጣሬን የሚጨምረው ይሄ ነው እንጂ ጥርጣሬን ማንሳት አይደለም።

ኤልያስን ተመልከቱ፣ አንደኛ ነገሥት 19። እሳት ከሰማይ ያወረደው ሰውዬ ነው። አንድ ቀን መንገድ ምድረ በዳ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ ሲመጣ ስብከት አላመጣም። «እንዴት እንዲህ ትላለህ፣ አንተ ነቢይ ሆነህ» አላለውም። እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውሃ አጠገቡ አስቀመጠና «ተነስተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፣ አሁንም ብላ አለው። ጥያቄው ሳይመለስ ነው መንገድ የጀመረው። እኔ ምዕራፍ ስጽፍ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያለሁ፣ «መጀመሪያ እንጎቻ» ይላል። ባለቤቴ የምሳ ዕቃ ማስታወሻ መስሏት ነበር።

ተስፋ አይኑር አላልኩም። ተስፋ ከሌለበት እኔም አልጽፈውም፣ ጨለማ ጽፎ ጥሎ መሄድ ማንም ይችላል፣ አሁን ፋሽንም ሆኗል። ግን ልጅቷ በታሪኩ መጨረሻ ጠጠሯን ስትተፋ ምላሷ ይቆስላል። ለተወሰነ ጊዜ ስትናገር ያማታል። ይሄን አልቆርጠውም።

አሁን የመጨረሻው። «ለገዛ ልጃችሁ ትሰጡታላችሁ?»

ልጄ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ ለእሷ የምሰጣት ብስኩት ነው። ለሠላሳ ሁለቱ ግን ሰጥቻለሁ። ወረቀቷን ባጠፍኩ በሳምንቱ መጽሐፈ ጦቢትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩላቸው። የሣራን ነገር አልዘለልኩም፣ አልዘረዘርኩምም። የሁለቱም ጸሎት ተሰማ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ማንንም ሳላይ፣ ዓይኔን መጽሐፉ ላይ ተክዬ። ራጉኤል መቃብሩን ሲያስደፍን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ስልክ ቁጥሬን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «ማታም ቢሆን ደውሉ» አልኳቸው። የደወለ የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳጥኑን ስከፍት ባለ ካሬ ወረቀት አለች። በእርሳስ ነው፣ ፊደሉም ትንንሽ ነው። ያው እጅ ነው ብዬ መማል አልችልም፣ ባለ ካሬ ደብተር ሁሉም ልጅ አለው። «ውሻውስ ምን ሆነ?» ይላል።

እሷን አላጠፍኳትም። ጮክ ብዬ አነበብኳት፣ መጽሐፉን ገልጬ ምዕራፍ 11ን አሳየኋቸው። ሲመለሱ ውሻውም ከኋላ ከኋላቸው ነበር።